በገብስ ማሳ ላይ ያሰመርኩት መንገድ

መንገዱን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው እስካሁን ለሰው ስናገር እያድበሰበስኩ ስላለፍኩት ነው። «አንድ ስህተት ተፈጥሮ ነበር» እያልኩ ነበር የማወራው፤ ስህተቱ በራሱ ጊዜ እንደ እንጉዳይ የበቀለ ይመስል።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የትምህርት ዘመኑ ከተዛባ ወዲህ አዲስ ተማሪ መቼ እንደሚጠራ አይታወቅም፤ እኛ የተጠራነው በመጋቢት ነው። ቤታችን አዘዞ ስለሆነ ከሩቅ እንደመጡት ልጆች አልተቸገርኩም። ቅዳሜ ከሰዓት የሚታጠብ ልብሴን ይዤ ወደ እናቴ እሄዳለሁ። እናቴ የምትሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ካርድ ስትፈልግ ስለምትውል፣ ዕቃ በቦታው ካልተቀመጠ አትወድም። እኔም ይህን ከሷ ሳልወርስ አልቀረሁም። ከሷ ያልወረስኩት ግን «እሺ» ማለቴን ነው። ሰው ሲያዘኝ መጀመሪያ እሺ እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማስበው።

ማራኪ ግቢ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ካርታ እንሥራ፤ ልምድ አያስፈልግም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የሳበኝ ልምድ አያስፈልግም የሚለው ነው። ቅዳሜ ጧት ስሄድ አሥር የማይሞሉ ተማሪዎች በአንድ የኮምፒውተር ክፍል ተቀምጠው አገኘሁ። ሰብሳቢው የአራተኛ ዓመት የቅየሳ ተማሪ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያወራም ስልኩን ከእጁ የማይለቅ።

«ካርታው ኢንተርኔት ላይ ያለ ነው» አለን። «ማንም በነጻ ያየዋል፣ ማንም ይሠራበታል፣ ማንም ያርመዋል። የሚከፍለን የለም፣ የሚቆጣጠረንም የለም። ጎንደርን እኛ ካልሳልናት ማንም አይስላትም።»

ከኋላ አንዱ «ነገሥታቱ ሳይስሏት ነው እንዴ የሠሯት?» ሲል ሳቅን።

በመጀመሪያው ወር ሥራው ደስ ይል ነበር። ከጃንተከል ጀርባ ያሉትን ጠባብ መንገዶች ተከፋፍለን፣ በእግር እየሄድን መዘገብን፤ ወፍጮ ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ባጃጅ የማይወጣውን ደረጃ። ማራኪ ያለውን የታክሲ መቆሚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለእናቴ በስልክ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ አየችውና «አንቺ ባትጽፊው ታክሲው ሳይቆም ሊያልፍ ኖሯል?» አለችኝ። ቢሆንም በማግስቱ ለጎረቤት ስታሳይ ሰምቻታለሁ።

በሚያዝያ ሌላ ሥራ መጣ። የሰብሳቢያችን የአክስት ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የምትሠራው ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ነው። በክረምቱ የሕፃናት ክትባት ዘመቻ እንዳለ፣ ከሌላ ቦታ የሚመጡት ከታቢዎች ግን አገሩን እንደማያውቁት ነገረችው። ቤቶቹንና መንገዶቹን እንድንሠራላት ለመነችው። በዚያ ሰሞን ደግሞ መንገዱ ሰላም ነው አይባልም ነበር፤ ሄዶ ማየት አልተቻለም። ስለዚህ ከሳተላይት ምስል ላይ እያየን እንድንቀዳ ተወሰነ።

ይህ ሥራ ዓይን ያደክማል። ምስሉን ከፍተን በያንዳንዱ ጣሪያ ዙሪያ አራት ነጥብ እናደርጋለን፤ አንዱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። ቆርቆሮ ቀላል ነው፤ ያበራል። የሣር ክዳን ግን ከላይ ሲያዩት ከጭድ ክምር አይለይም። ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ሁለቱም ቡናማ ናቸው፣ ሁለቱም አጥር ግቢ ውስጥ ነው የሚቆሙት። «ይሄ ቤት ነው ክምር?» የማይል ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሰብሳቢያችን «ጥላውን እዩት» ይለናል። የጎጆ ጥላ ከክምር ጥላ በምን እንደሚለይ ግን እሱም አያውቅም። ኋላ እንደሰማሁት ከታቢዎቹ ሁለት ጊዜ ክምር ደጃፍ ደርሰው «ቤቶች!» እያሉ ተጣርተዋል።

ለኔ የደረሰኝ ቁራጭ ከላይኛው መንደር እስከ ጤና ኬላው ድረስ ያለው ነው። በመካከሉ ሰፊ ቡናማ ሜዳ አለ። በሜዳው ላይ በሰያፍ፣ እንደ ጠመኔ የነጣች ቀጥ ያለች መስመር ታልፋለች።

«ይሄ መንገድ ነው?» ብዬ ሰብሳቢውን ጠየቅሁት።

ከወንበሩ ሳይነሳ አንገቱን አስግጎ አየ። «ላንቺ ምን ይመስልሻል?»

«መንገድ ይመስለኛል።»

«እንግዲህ አስምሪያ፣ ፍሬሿ።»

አሰመርኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥፋቱ ትንሽ ነበር። ካርታው ግን መስመር ሲሰመር «ምን ዓይነት መንገድ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የእግር መንገድ የሚል አለ፤ ማኪና የሚያስኬድ የአፈር መንገድ የሚልም አለ። ያቺ የጤና ሠራተኛ ክትባቱን በጀርባዋ ተሸክማ እንደምትሄድ ሰምቼ ስለነበር አሳዘነችኝ። ማኪና የሚያስኬደውን መረጥኩ። ለመንደሩ ደግ የዋልኩ መስሎኝ ነበር። በዚያን ቀን ሰብሳቢው «ጎበዝ፣ ፈጣን ነሽ» አለኝ፤ አዘዞ እስክደርስ ድረስ ይህንኑ ሳስብ ሄድኩ።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሰብሳቢው ከካፌ ስወጣ ጠብቆ አገኘኝ።

«ያንቺ መንገድ ሰው አጣልቷል» አለኝ።

«የቱ መንገድ?»

«በሰው ገብስ ውስጥ ያሳለፍሽው።»

መንገዱ ደህና ነው በተባለበት ሳምንት ሁለታችን ሄድን። ከመናኸሪያ በሚኒባስ ተነሳን፤ ኮሶዬ ላይ ጉሙ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሁሉ ሸፍኖት ሾፌሩ በጥሩምባ ብቻ ነው የነዳው። አምባ ጊዮርጊስ ስንወርድ ይዘንብ ነበር። የሸራ ጫማዬን ጭቃው ገና ከከተማው ሳንወጣ ስለበላው፣ ከገበያ የላስቲክ ጫማ ገዝቼ አደረግሁ። ሁለት ሰዓት የተባለው መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ዋልካው እግር ይይዛል፤ አንዱን ስነቅል ሌላው ይሰምጣል። ሰብሳቢው መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር፤ ከመንገዱ ግማሽ በኋላ ቀልዱ አለቀበት። እኔ ደግሞ ባስቸገርኩት ቁጥር ይቅርታ እጠይቀው ነበር። በመጨረሻ «ለዝናቡም ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው?» አለኝ።

የጤና ሠራተኛዋ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ጠበቀችን። ቆጣ ያለች መስላኝ ነበር፤ የደከማት ብቻ ናት። ሳንቀመጥ ወደ ማሳው ወሰደችን።

ያ ቡናማ ሜዳ አረንጓዴ ነው። ከዳር እስከ ዳር ገብስ ነው፤ ጉልበት ደርሷል። በመካከሉ፣ እኔ ባሰመርኩበት በዚያው ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ የተረገጠ ጭቃ ያልፋል። ዳሩ ላይ የቀጋ እሾህ ቅርንጫፍ ተጥሎ ነበር፤ ሳላየው ረግጬው ጫማውን አልፎ እግሬን ወጋኝ። ከእሾሁ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን የተመረኮዙ ሽማግሌ ቆመዋል። ማሳው የሳቸው ነው።

«እነዚህ ናቸው?» አሉ፣ እኛን ሳይሆን እሷን እያዩ።

«አዎን አያ፤ ተማሪዎች ናቸው። ሊያዩ ነው የመጡ።»

«ምነው ልፋት? ከሰማይ አይተው የለም ወይ?»

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። «አያ፣ ምስሉ ላይ መንገድ ይመስል ነበር።»

«ምስሉ ላይ» አሉ። «እነዚያም ሲመጡ ስልካቸውን አሳዩኝ። ‹በዚህ ነው የሚለን› አሉኝ። እኔ ቆሜ እየተናገርሁ፣ ስልኩን ሰሙ። አምስት ሁነው ሲመላለሱ ሦስት ቀን ዋሉ። በአራተኛው ቀን ገበያተኛው፣ በቅሎው፣ ወፍጮ የሚሄደው ሁሉ ተከተላቸው። ሰው አንዴ የተረገጠ ካየ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ አያ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። በዱላቸው ጫፍ ከጭቃው ላይ የወደቀ የገብስ አገዳ አነሱና አዩት። «የተረገጠ መሬት ለከርሞ ይድናል» አሉ። «የተጻፈ ነው የማይድን።»

ነገሩን ያብራራችልኝ የጤና ሠራተኛዋ ናት። በጥር ከወረዳ ባለሙያ ይመጣል፤ ለዓመቱ የሚጠረጉትንና ጠጠር የሚለብሱትን የቀበሌ መንገዶች ይመዘግባል። ይህ ባለሙያ ስልኩ ላይ ያለውን ያንኑ ካርታ እያየ ነው የሚመዘግበው። መስመሯ እስከ ጥር ካርታው ላይ ከቆየች ማሳው ለሁለት ይከፈላል። ሽማግሌው ያላቸው ሁለት ቃዳ መሬት ብቻ ነው፣ በአንድ ጥንድ በሬ ሁለት ቀን የሚታረስ። መንገዱ ደግሞ በሰያፍ ነው የሚያቋርጠው።

«ከዚህም ከዚያም ሹል ይቀራል» አሉ ሽማግሌው። «በሬ የማዞርበት አይተርፈኝም። ለልጄ ምኑን ላወርሳት ነው?»

«ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ አያ» አልኳቸው። «በፍጹም እዚያ ላይ አይኖርም።»

«ታጠፊዋለሽ?»

«አጠፋዋለሁ።»

«ሸጋ» አሉ።

ስንመለስ ሰብሳቢው «ቃል ለመግባት ፈጣን ነሽ» አለኝ። በሚያዝያ «ፈጣን ነሽ» ሲለኝ ደስ እንዳለኝ አሁን ደስ አላለኝም። አምባ ጊዮርጊስ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ስልኬን አውጥቼ መስመሩን አጠፋሁ። ካርታው ምክንያት ሲጠይቀኝ «እዚህ ቦታ መንገድ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

በዘጠነኛው ቀን መስመሩ ተመልሶ መጣ።

እዚህ ላይ ካርታው እንዴት እንደሚሠራ መናገር ያስፈልጋል። ማንም የሚሠራበት ነው ማለት፣ እኔ ያጠፋሁትን ማንም ይመልሰዋል ማለት ነው። መስመሯን የመለሰው ስሙን የማላውቀው፣ በየት አገር እንዳለ የማላውቀው፣ እንደኛው በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ነው። በጣም ጨዋ ነው። «በስህተት የጠፋ መንገድ መልሻለሁ። በምስሉ ላይ በግልጽ ይታያል። ስለ አስተዋጽኦሽ አመሰግናለሁ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎልኛል። እኔም መዝገበ ቃላት እያየሁ፣ አመስግኜ፣ ቦታው ላይ ሄጄ እንዳየሁትና መንገድ እንደሌለ ጻፍኩለት። ደግሜ አጠፋሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መለሰው። ያለፉትን ዓመታት ምስሎች እንዳየና መስመሯ በሁሉም ላይ እንዳለች ገለጸልኝ፤ በመጨረሻም አመሰገነኝ። እኔም አመሰገንኩት። እንዲህ እየተመሰጋገንን ስናጠፋና ስንመልስ ነሐሴ አለቀ።

ሰብሳቢያችን «በለው፣ እንደ ሙጃ ነው» ይላል እየሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኝ ነበር። በጧት ስነቃ መጀመሪያ የማየው ያችን መስመር ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦ ሰንብቶ ሲለቀቅ፣ ልጆቹ ሁሉ የቀረባቸውን መልእክት ሲያነቡ፣ እኔ የከፈትኩት የዚያን ቀበሌ ካርታ ነው። ነበረች። የሒሳብ ፈተና ላይ ቁጭ ብዬ፣ አሁን ተመልሳ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

በመስከረም የጤና ሠራተኛዋ ደወለችልኝ።

«አያ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

«ጠፍቷል በያቸው» አልኳት። በዚያን ሰዓት እውነት ነበር፤ ጧት ነው ያጠፋሁት። በማግስቱ ተመለሰ። ደውዬ ግን አልነገርኳትም።

በጥቅምት ያ ሰው አጭር መልእክት ላከ። በዚህኛው ላይ ምስጋና የለበትም። «እዚያ የሄድሽው በየትኛው ወር ነው? ምስሎቹ ሁሉ በበጋ የተነሱ ናቸው። በበጋ አይተሽዋል?» ይላል።

መልስ መጻፍ ጀመርኩና ተውኩት። ያየሁት በሐምሌ፣ አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። «መንገድ የለም» ብዬ አራት ጊዜ የጻፍኩት ሽማግሌው እንዳይከፋቸው እንጂ አጣርቼ አልነበረም። በሚያዝያም ሳላይ ነው ያሰመርኩት፤ ያኔ ደግሞ ለጤና ሠራተኛዋ ብዬ። ለሰብሳቢው አሳየሁት።

«ልክ ነው ሰውዬው» አለኝ። «ሄደሽ እዪ። እኔ የመመረቂያ ሥራ አለብኝ፤ አልመጣም።»

«ብቻዬን?»

«ከአክስቴ ልጅ ጋር ተቀጣጠሪ። ለክትባት አምባ ጊዮርጊስ ትወጣ የለ?»

በታኅሣሥ አጋማሽ ሄድኩ። የጤና ሠራተኛዋ አምባ ጊዮርጊስ ክትባቱን ተረክባ ጠበቀችኝ። ቀዝቃዛውን ሳጥን እየተቀባበልን ሄድን። ምድሩ ደርቆ ስለነበር መንገዱ በርግጥም ሁለት ሰዓት ነው፤ እኔን ግን ከሐምሌው ባልተናነሰ አደከመኝ። በየእርምጃው የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ መንገዱን ካገኘሁት ለሽማግሌው ምን እላለሁ?

ማሳው ታጭዷል። ያ ሁሉ አረንጓዴ ሄዶ መሬቱ ምስሉ ላይ እንዳየሁት ቡናማ ሆኗል። ነጯም መስመር አለች፤ ቀጥ ብላ፣ እንደ ጠመኔ ነጥታ። ሁለት ሴቶች ጆንያ ተሸክመው ያልፉባታል። ከነሱ ኋላ አህያቸውን ጭነው እየነዱ የሚመጡት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው።

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ማልቀስ አማረኝ።

«አያ» አልኩ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ፣ «መንገድ የለም አላሉኝም ነበር?»

«መቼ?»

«በሐምሌ።»

«በሐምሌማ የለም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

አህያውን አቆሙና መሬቱን፣ ከዚያም እኔን አዩ። «ምነው ልጄ? አጭጄዋለሁኮ። ወቅቼ ጭዱንም ከምሬያለሁ። አሁን ሰው ባያልፍበት ምን ይጠቅመኛል? እኔ የሰው ማሳ አቋርጬ ነው ወፍጮ የምሄድ፤ ሰውም የኔን ያቋርጣል። ሰኔ ላይ ስዘራ ከወዲህም ከወዲያም እሾህ እጥልበታለሁ። እሾህ ካየ ማንም አይገባም፤ በዙሪያ ይሄዳል። የአባቴም አባት እንዲህ ነበር የሚያደርግ።»

በሐምሌ የወጋኝ እሾህ ትዝ አለኝ።

«ከታቢዎቹ ግን ገቡ» አልኩ።

«አንስተው ጣሉታ! ስልኩ ላይ እሾህ የለማ።»

«ያኔ ለምን አልነገሩኝም፣ አያ?»

«ምኑን?»

«በበጋ መንገድ እንደሆነ።»

ወደ ጤና ሠራተኛዋ ዞረው፣ እኔ የማልሰማ ይመስል «ይህን የማያውቅ ሰው አለ?» አሏት። እሷ ሳቋን ለመደበቅ ሳጥኑን አነሳች። «የከተማ ልጅ ናት አያ» አለቻቸው። «አስተምሯት እንጂ አይፍረዱባት።»

ከማሳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌው ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ፤ «ከዚሁ ነው» አሉ በአገጫቸው ወደ ማሳው እያመለከቱ። ስልኬን አውጥቼ ካርታውን አሳየኋቸው። አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው እንደሚጽፍበት፣ እኔ ሳጠፋው ሌላ እንደሚመልሰው፣ ባለፈው ለጤና ሠራተኛዋ «ጠፍቷል» ያልኩት ለአንድ ቀን ብቻ እውነት እንደነበር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። የጤና ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። ሽማግሌው ግን አልተገረሙም።

«መንገድ የለም ካልሽማ ይመልሰዋል» አሉ። «ያለን ነገር የለም ሲሉት ማን ይሰማል?»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጥቂት ቆሎ አኘኩ። «የኔ ነው በይ። ማሳ ነው። በበጋ ፈቅጄ ነው ሰው የሚያልፍ። በእግር፣ በአህያ። ማኪና አልፈቅድም። ሰኔ ሲገባ ያበቃል። ይኸው ነው፤ ይህ ምኑ ይከብዳል?»

አልከበደም። ካርታው ለዚህ ሁሉ ቦታ ነበረው፤ እኔ ነኝ ያልፈለግሁት። የእግር መንገድ የሚለውን መረጥኩ። በባለይዞታው ፈቃድ ብቻ የሚታለፍ የሚልም አለ፤ እሱን መረጥኩ። ተሽከርካሪ አይገባም አልኩ። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ብዬ ወሩን ጻፍኩ። በዙሪያው ደግሞ የማሳውን ወሰን እሳቸው በዱላ እያሳዩኝ ዞሬ ሳልኩና እርሻ ብዬ ሞላሁት። በዙሪያ የሚሄደውንም የክረምት መንገድ በእግሬ ሄጄ መዘገብኩት፤ እስካሁን ድረስ ማንም አልሳለውም ነበር። ኔትወርክ የተገኘው ግን ከሰዓት በኋላ፣ ከጤና ኬላው በስተጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው።

ለዚያ ሰውም ጻፍኩለት። መንገድ የለም ማለቴ ስህተት እንደነበር፣ አጣርቼ እንዳልነበረ፣ አሁን ግን በበጋም በክረምትም እንዳየሁት ነገርኩት። ስለ እሾሁም ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ፤ «ስለ እሾሁ አላውቅም ነበር። አልነካውም» ይላል።

ጥር መጣ። ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን የጤና ሠራተኛዋ ነግራኝ ስለነበር ከትምህርት ቀርቼ ሄድኩ። ስብሰባው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ባለሙያው ከኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ፀሐይ ያቃጠለው ወጣት ነው። መንገዶቹን አንድ በአንድ ስልኩ ላይ እያየ ያነባል፣ ሰው ይከራከራል፣ እሱ ይጽፋል። እኔ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌው ከፊት ናቸው፤ የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል።

«ከላይኛው መንደር ወደ ጤና ኬላ» አለ ባለሙያው። ስልኩን አቀረበው። «ይሄ የእግር ነው ይላል። በባለይዞታው ፈቃድ። በክረምት እርሻ ነው ይላል።»

ከላይኛው መንደር የመጣ አንድ ጎልማሳ ብድግ አለ። «ይጻፍ እንጂ! በዚያ ነው የሚያጥር። ወላድ ስንሸከም በዙሪያ መሄድ ይከብደናል!»

እውነቱን ነው። ሽማግሌውን ብቻ እያሰብኩ ስከርም፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር።

ሽማግሌው ሳይነሱ መለሱ። «ወላድ ስትመጣ በገብሴም ላይ ቢሆን እለፍ፤ መቼ ከልክዬህ አውቃለሁ? እሾሁን የማነሳልህ እኔው ነኝ። ግን መንገድ ነው አትበለኝ።»

ባለሙያው ሁለቱንም አያቸው። ከዚያ ስልኩን መልሶ አየ። «የሰው ፈቃድ ያለበትን እኔ አልመዘግብም፤ ኋላ ክርክር ነው» አለ። «ዙሪያውን የሚሄደው እዚህ ላይ አለ። እሱ ይጠረግ።» ጻፈና ወደሚቀጥለው አለፈ። ያን ሁሉ ወር የተጨነቅሁበት ነገር ሻይ በማያስጠጣ ጊዜ አለቀ።

ስብሰባው ሲበተን ያ ጎልማሳ በአጠገቤ ሲያልፍ «አንቺ ነሽ አሉ ካርታዋ?» አለኝ። «ለእግራችን አልራራሽም!» ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር፣ ግን ቀልዱ ግማሽ ብቻ ነው። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩና ምን ብዬ እንደምጠይቀው ጠፋኝ። የዙሪያው መንገድ ሲጠረግ ይሻለዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አላውቅም።

ሽማግሌው አላመሰገኑኝም፤ የሚያመሰግኑበትም ምክንያት የለም። ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ አስተካክለው «ለከርሞስ? ሌላ አይጽፍበትም?» ብለው ጠየቁኝ።

በፊት ቢሆን ኖሮ «በፍጹም» እላቸው ነበር። «ሊጽፍ ይችላል አያ» አልኳቸው። «እያየሁ እጠብቀዋለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ገና ያልፈተሽኳቸው ክምሮች ነበሩ፤ በካርታው ላይ ቤት ሆነው የተቀመጡ። ከነሱ ሦስቱ ከጤና ኬላው ወዲህ ናቸው፤ ሳይመሽ ማየት ነበረብኝ። እግሬ ዝሎ ነበር። ቦርሳዬን አንግቼ፣ ማሳው ዳር ስደርስ ቆምኩ። የዓምናው የቀጋ እሾህ ደርቆ ከዳር ወድቋል። ሽማግሌው ከኋላዬ ቀስ እያሉ ይመጣሉ።

«ልለፍ አያ?»

«እለፊ» አሉኝ። «እስከ ግንቦት ነው።»